የካርታ እንጀራ

በላስ ቬጋስ የፖከር ጠረጴዛ ላይ፣ ካርታ አዳዩ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት፣ የሙዳየ ምጽዋት አፍ የምታህል ጠባብ ቀዳዳ አለች። አንድ ዙር ጨዋታ ሲያልቅ፣ አሸናፊው መሃል በገንዘብ ምትክ የተከመረውን ቺፕ ወደ ራሱ ከመሳቡ በፊት፣ አዳዩ ከክምሩ ላይ ሦስት አራት፣ ሲበዛ አምስት ዶላር ገደማ ይቆነጥርና ቀዳዳዋ አፍ ላይ ያኖራል። ጫን ሲያደርጋቸው ቺፖቹ ኳ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ወደተንጠለጠለው የተቆለፈ ሣጥን ይወድቃሉ። አሸናፊውም በበኩሉ አንድ ዶላር ጉርሻ ለአዳዩ ይወረውራል። ካርታው እንደገና ይበወዛል፤ አዲስ ዙር ይጀመራል። የዘጠኙም ተጫዋቾች ዓይን ካርታቸው ላይ ስለሆነ ቀዳዳዋን ልብ የሚላት የለም።

በፖከር እንጀራ እበላለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያያት የሚገባው እሷን ነው። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ይዘው ተቀመጡ እንበል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ገንዘብ 4,500 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ጎበዝ አዳይ በሰዓት 30 ዙር ያህል ያጫውታል። ከየዙሩ በአማካይ 4 ዶላር ለቁማር ቤቱ፣ 1 ዶላር ለአዳዩ ቢወጣ በሰዓት 150 ዶላር ከጠረጴዛው ይሄዳል። አዲስ ገንዘብ ካልገባ፣ ዘጠኙም በችሎታ እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ በ30 ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ የቤት ኪራዩን ከዚህ ጠረጴዛ ልክፈል ቢል፣ የቀሩት ስምንቱ ሌላ ቦታ ሠርተው ያመጡት ገንዘብ የቤቱንም የእሱንም ድርሻ መሸፈን አለበት።

አማርኛችን ይህን ነገር በአንድ ቃል ይዞታል። በቁማር የተሸነፈ ሰው «ተበላ» ይባላል፤ ያሸነፈው ደግሞ «በላ»። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ከተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ፖከር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ውርርድ ቤት ገብቶ ትኬት የሚቆርጥ ወጣት የሚገጥመው ቤቱን ነው፤ ዋጋውን የሚተምነውም ያው ቤቱ ነው። ፖከር ላይ ግን ቤቱ ጠረጴዛና ካርታ አቅርቦ ድርሻውን ከተቀበለ በኋላ ማን በላ ማን ተበላ አያገባውም። ተጫዋቾቹ የሚበላሉት እርስ በርስ ነው። ቤቱን የሚረታ ሰው እምብዛም የለም፤ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው መሻል ግን ይቻላል። ፖከር ከሌላው ቁማር ተለይቶ መተዳደሪያ ሊሆን የሚችልበት በር ይህ ብቻ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው።

ዛሬ በዓለም በብዛት የሚዘወተረው ቴክሳስ ሆልደም የተባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይታደሉታል። ከዚያ አምስት የጋራ ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየመሃሉ ተጫዋቾቹ ገንዘብ ይመድባሉ፣ ይጨምራሉ ወይም ካርታቸውን ጥለው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ የተሻለ አምስት ካርታ ያለው ያሸንፋል። ሌሎቹ ሁሉ ካርታቸውን ከጣሉ ግን የቀረው ሰው ምንም ሳያሳይ ገንዘቡን ይወስዳል። ብለፍ የሚባለው፣ ባዶ እጅ ይዞ ሙሉ መስሎ መታየት፣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ብለፍ የተደረገው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ክሪስ መኒሜከር የ27 ዓመት ሰው ነበር፤ የሚኖረው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ሥራው ሒሳብ ሠራተኛ። የቤተሰብ ስሙ በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፤ ለመድረክ ያወጣው ሳይሆን ሲወለድ ያገኘው ስም ነው። ይህ ሰው ፖከርስታርስ በተባለው የኢንተርኔት መጫወቻ 86 ዶላር ከፍሎ አንድ የማጣሪያ ውድድር ገባ። ከዚያ ያገኘው ዕድል በላስ ቬጋስ ለሚካሄደው ለወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋና ውድድር አበቃው፤ የዚያ ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። 839 ሰዎች ተወዳድረው መጨረሻ ላይ እሱና ሊባኖስ የተወለደው ሳሚ ፋርሃ ቀሩ። ፋርሃ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ በከንፈሩ ይዞ የሚጫወት የቆየ ባለሙያ ነው።

በአንዱ ዙር መኒሜከር የሚጠብቀው ካርታ ሳይመጣ ቀረ። በእጁ ጥንድ እንኳ የለም፤ ፋርሃ ግን ጥንድ ዘጠኝ ይዟል። መኒሜከር ያለውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሃል ገፋ። ፋርሃ ረዥም ጊዜ አሰበ፣ አየው፣ አመነታ፣ በመጨረሻም ካርታውን ጣለ። ብዙም ሳይቆይ ውድድሩ አለቀና ሒሳብ ሠራተኛው 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ።

ይህን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አሰበ፤ እሱ ከቻለ እኔስ? በሚቀጥለው ዓመት የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 2,576 ደረሰ። በ2006 ደግሞ 8,773 ሆነ፤ የዚያ ዓመት አሸናፊ ጄሚ ጎልድ 12 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከትምህርት ቤት የቀሩ፣ መሥሪያ ቤታቸውን የለቀቁ ወጣቶች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ስምንትና አሥር ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ይጫወቱ ጀመር። አንዳንዶቹ በእርግጥ ገንዘብ አገኙ፤ ምክንያቱም እነዚያ ዓመቶች ለባለሙያው የጥጋብ ዘመን ነበሩ። መኒሜከርን አይተው የመጡት ሺዎች ጨዋታውን አያውቁትም ነበርና የሚበሉት እነሱ ነበሩ።

ባለሙያው ምን ያውቃል? ከሰው ፊት ምሥጢር ማንበብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የዕለት ሥራው ግን ከገበያ ሒሳብ ብዙም አይርቅም። አራቱ የጋራ ካርታዎች ተገልጠው አንድ ቀርቷል እንበል። ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች አሉት፤ አምስተኛው ከመጣለት ያሸንፋል። ካላያቸው 46 ካርታዎች ውስጥ የሚጠቅሙት 9 ናቸው፤ ዕድሉ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። መሃል 100 ዶላር አለ፤ ተቃዋሚው 50 ዶላር መደበ። 150 ዶላር ለማግኘት 50 መክፈል ነው፤ ይህ የሚያዋጣው ከአራት አንዴ ለሚያሸንፍ ሰው ነው። የእሱ ዕድል ከአምስት አንዴ ስለማይሞላ ካርታውን ይጥላል። ተቃዋሚው የመደበው 20 ዶላር ብቻ ቢሆን ግን በ20 ዶላር 120 ስለሚገዛ ይቀጥላል። ሽንኩርቱ ያው ሽንኩርት ሆኖ በአንዱ ዋጋ ትታው በሌላው ዋጋ እንደምትገዛ ባልቴት ማለት ነው። ባለሙያው ይህን ስሌት በቀን መቶ ጊዜ ይሠራል። ሲደክመው፣ ሲናደድ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ሲመጣም ሳያዛንፍ መሥራት አለበት። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ስሌቱን ስላልተማረ ብቻ አይደለም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ 800 ዶላር ተበልቶ፣ ያወቀውን ማድረግ ስለሚያቅተው ነው።

ችሎታው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አለ። ስቲቨን ሌቪትና ቶማስ ማይልስ የተባሉ ሁለት የቺካጎ ምሁራን የ2010ን የወርልድ ሲሪስ ውድድሮች መረመሩ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ጎበዝ ተብለው የተመዘገቡት ተጫዋቾች ከከፈሉት መግቢያ በላይ በአማካይ 30 በመቶ ትርፍ አገኙ፤ የቀሩት ደግሞ በአማካይ 15 በመቶ ከሰሩ። ንጹህ ዕድል ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት አይታይም።

ታዲያ ጎበዝ ሰው ለምን አይኖርበትም? መልሱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሁለት አስ ከታደለው ሰው ጋር ሁለት ንጉሥ የያዘ ሰው ገጥሞ ገንዘቡን ሁሉ ቢያስገባ፣ አሶቹ ከመቶ 82 ጊዜ ያህል ያሸንፋሉ። የቀረውን 18 ጊዜ ትክክል የሠራው ሰው ተበልቶ ይነሣል። አንድ በእርግጥ ጎበዝ የሆነ ሰው መካከለኛ ጠረጴዛ ላይ በሰዓት 25 ዶላር የሚያገኝ ችሎታ አለው እንበል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ 250 ዶላር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዋዠቅ የተለመደ ነገር ነው። መቶ ሰዓት ሲጫወት ችሎታው 2,500 ዶላር ሊያመጣለት ይገባል። የዕድሉም መዋዠቅ በዚያን ጊዜ ተደማምሮ ያንኑ 2,500 ዶላር ያህላል። ይህ ማለት ከስድስት እንዲህ ካሉ ጎበዞች አንዱ፣ ሁለት ሳምንት ተኩል ሙሉ ሥራ ከሠራ በኋላ፣ ኪሳራ ላይ ይሆናል። ያጠፋው ነገር የለም።

ስሌቱ በሌላ በኩልም ይሠራል፤ ያኛው ወገን ይብሳል። ምንም የተለየ ችሎታ የሌለው፣ በረዥሙ ጊዜ ትርፍም ኪሳራም የማያገኝ ሰው ደግሞ ከስድስት አንዴ በዚያው መቶ ሰዓት ውስጥ 2,500 ዶላርና ከዚያ በላይ አትርፎ ይገኛል። ሥራውን የሚለቀው ይህ ሰው ነው። ለእናቱ ገንዘብ ይልካል፤ ለጓደኞቹ «አገኘሁት» ይላል። ልጁ አልዋሸም፤ ባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር እውነት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ዕድሉ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ሌላው የኑሮው ክፉ ጎን ዘርና ቀለብ የሚወጡት ከአንድ ጎተራ መሆኑ ነው። ገበሬ የዘር እህሉን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ክረምቱ ቢከፋም አይነካውም። ባለሙያ ተጫዋችም እንዲሁ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ መያዝ አለበት፤ 500 ዶላር ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ከ10,000 እስከ 20,000 ዶላር ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ወተት፣ የመኪና ጥገና ግን የዕድልን መልካም ቀን አይጠብቁም። ሦስት መጥፎ ወር ሲደራረብ ዘሩ ይበላል። ዘሩ ከተበላ ደግሞ ያለው ምርጫ ወደ ትንሽ ጠረጴዛ መውረድ ወይም በሰው ገንዘብ መጫወት ነው። በዚህ ዓለም በሰው ገንዘብ መጫወት በጣም የተለመደ ነው። ባለገንዘቡ መግቢያውን ይከፍላል፣ ከትርፉ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ኪሳራ ካለ ግን ተጫዋቹ ከሚቀጥለው ድል ላይ አስቀድሞ ያንን ይመልሳል። መኒሜከር ራሱ ወደ ላስ ቬጋስ ከመሄዱ በፊት የድርሻውን ከፊል ለአባቱና ለጓደኛው ሸጦ ነበር።

በቴሌቪዥን የሚታየው «ይህን ያህል አሸነፈ» የሚለው ቁጥር ወጪውን አይናገርም። ከስመ ጥሮቹ አንዱ ካናዳዊው ዳንኤል ኔግሬኑ ሒሳቡን በየዓመቱ በይፋ የማውጣት ልማድ አለው፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። በ2017 ከውድድሮች የሰበሰበው ሽልማት ወደ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ለመግቢያ የከፈለው ግን ከዚያ በለጠና ዓመቱን በኪሳራ ዘጋ። የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪው ገና አልተደመረም።

ከሁሉም ይልቅ ግን የስቱ ኡንጋር ታሪክ ልብ ይነካል። የኒው ዮርክ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ካርታ የማስታወስ ችሎታው ሰውን የሚያስደነግጥ ነበር። መጀመሪያ የሚጫወተው ጂን ራሚ የተባለውን ጨዋታ ነው፤ እኛ አገር ከሚታወቀው ከኮንከር ጋር የሚቀራረብ፣ ካርታ እየሳቡ እየጣሉ የሚያዛምዱበት። በዚያ ጨዋታ የሚስተካከለው ጠፋ፤ ከጊዜ በኋላም ከእሱ ጋር የሚቀመጥ ሰው አጣ። ማንም አውቆ ሊበላ አይቀመጥምና። ወደ ፖከር ያመጣው ይህ ነው፤ ጉብዝናው ራሱ እንጀራውን ዘጋበት። በ1980 የወርልድ ሲሪስን ዋና ውድድር አሸነፈ፣ በ1981 ደገመ። ያገኘውን ግን በፈረስና በስፖርት ውርርድ፣ ቆይቶም በኮኬይን አጠፋው። በ1997፣ ሁሉም ከረሳው በኋላ፣ ጓደኛው ቢሊ ባክስተር 10,000 ዶላሩን ከፈለለትና ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ግማሹ የባክስተር ነው። የእሱ ግማሽ ወራት ብቻ ቆየ። በኅዳር 1998 ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ርካሽ ሞቴል ክፍል ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 45 ነበር። የቀብሩን ወጪ ወዳጆቹ አዋጡ። ብዙዎች እስከ ዛሬ ድረስ ከእሱ የበለጠ ተጫዋች አልታየም ይላሉ።

ጎበዝም ጥንቁቅም የሆነ ሰው ከእጁ ውጪ በሆነ ነገር ሊወድቅ ይችላል። ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ዓቃቤ ሕጎች ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር የተባሉትን የኢንተርኔት መጫወቻዎች ለአሜሪካ ተጫዋቾች ዘጉ። ተጫዋቾች ያን ቀን «ጥቁር ዓርብ» ይሉታል። ኮምፒውተራቸውን የከፈቱ ሰዎች መሥሪያ ቤታቸው ተዘግቶ አገኙት። ከዚህ የከፋው ኋላ ተሰማ፤ ፉል ቲልት ለደንበኞቹ 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት፤ ባንክ ያለው ግን 60 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪውን ባለቤቶቹ ተከፋፍለው ወስደውታል ሲሉ ዓቃቤ ሕጎቹ ከሰሱ። የፉል ቲልት አሜሪካውያን ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል ዘራቸው ተቆልፎ ማለት ነው። በመካከሉ ብዙዎቹ ሥራቸውን ለመቀጠል ሲሉ ወደ ካናዳ፣ ሜክሲኮና ኮስታ ሪካ ተሰደዱ። ዛሬ በስልኩ ላይ የሚመጣለትን ማስታወቂያ ተከትሎ ፈቃዱ የት እንደተሰጠ በማይታወቅ መጫወቻ ገንዘብ የሚያስገባ ወጣት ይህን ታሪክ ቢያውቀው መልካም ነው።

ከዚያም ማሽኑ መጣ። በጥር 2017 ፒትስበርግ ከተማ በሚገኝ ካዚኖ ውስጥ አራት ባለሙያዎች ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከሠራው ሊብራተስ ከተባለ ፕሮግራም ጋር ለ20 ቀን ተቀመጡ። 120,000 ዙር ተጫወቱ። ሰዎቹ ማታ ማታ ተሰብስበው የማሽኑን ድክመት ይመካከራሉ፤ ማሽኑም ሌሊቱን ሰዎቹ ያገኙበትን ቀዳዳ ሲደፍን ያድራል። መጨረሻ ላይ 1.7 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ቺፕ ረታቸው፤ ደግነቱ ቺፑ ለሙከራው እንጂ የኪሳቸው ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ ትክክለኛውን አጨዋወት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ማንም ሊገዛቸው በሚችል ዋጋ ይሸጣሉ። ወጣቱ ባለሙያ ከሚጫወተው ይልቅ ከእነሱ ጋር የሚያጠናው ሰዓት ሊበዛ ይችላል። ሁሉም ባጠና ቁጥር በጎበዙና በመካከለኛው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል፤ ባለሙያው የሚኖረው ግን በዚያ ርቀት ላይ ነው።

ግብሩም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 የሙሉ ጊዜ ቁማርተኛ ነጋዴ ሊባል እንደሚችል ፈርዷል፤ ጉዳዩ በሳምንት ከ60 እስከ 80 ሰዓት በውሻ እሽቅድምድም ላይ ሲወራረድ ከርሞ ዓመቱን በ2,032 ዶላር ኪሳራ የጨረሰ ሰው የግብር ክርክር ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከ2026 ጀምሮ ከተገኘው ገንዘብ ላይ የሚቀነሰው የኪሳራው 90 በመቶ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። በዓመት ውስጥ 500,000 ዶላር በልቶ 450,000 የተበላ ሰው ያተረፈው 50,000 ነው፤ ግብር የሚታሰብበት ግን 95,000 ላይ ይሆናል።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ከተማዋ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ከእነዚህ ወገኖቻችን ታክሲ የሚነዱ፣ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግዱ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ አሉ። በፖከር ጠረጴዛ ዙሪያ ካሉት ሰዎች ሁሉ በዕለቱ ይዞት የሚሄደው ነገር አስቀድሞ የተረጋገጠለት አዳዩ ነው፤ የሰዓት ደመወዙና በየዙሩ የምትወረወርለት አንዲት ዶላር። ካርታው ለማን እንደቀና አይጨነቅም።

ተራው ሲያበቃ ተተኪው ትከሻውን ነካ ያደርገዋል። አዳዩ ካርታውን አስተካክሎ ያስቀምጣል፤ ሁለት እጁን አጨብጭቦ መዳፉን ገልብጦ ለጣሪያው ካሜራ ያሳያል። ጉርሻውን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ ይቆጥራል፣ ካፖርቱን ይለብሳል። ሰባተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሣው ሰው፣ የቀረውን ቺፕ በሃያ በሃያ እየደረደረ ነው። አዲሱ አዳይ መበወዝ ጀመረ።